በሦስተኛው ብልቃጥ ውስጥ ስላለው ነጭ ዱቄት

ለተከበሩ አቶ ኢሳይያስ
የጎማ ፍሳሽ ሀብት ማስመለሻ ፕሮጀክት ኃላፊ
ቦንጋ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ከሁለት ዓመት ወዲህ ከነሳጥኑ ኮሪደር ላይ ለቆመው የፍሳሽ መለያ ማሽንዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ማሽኑ ያልተነካ፣ ዕድሜዎም እንደ ሪፖርትዎ ረጅም ይሁንልዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ነፋሱ ከጅረቱ በኩል ሲመጣ በሬን እዘጋለሁ፤ ሲዞር እከፍታለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል።

ብዙ ሰው ስለሚያገኙ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ላቀች አባተ እባላለሁ። ከቢታ ገነት ዝቅ ብሎ፣ ከጎማ ማቀነባበሪያው ፋብሪካ በታች ባለችው መንደር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ። ቆጮና ቡላ አዘጋጅቼ በሳምንት አንድ ቀን በሚኒባስ ቦንጋ ገበያ እመጣለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው እንሰት እየፋቅኩ ነው። ከዚያ ወዲህ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን ሳላነብ አልጥልም። ይህም ካላስታወሰዎ፣ ባለፈው ወር ቦንጋ ባዘጋጁት ዐውደ ርዕይ የማኅበረሰብ ተወካይ ተብዬ ከፊት ወንበር የተቀመጥኩት፣ ከጠረጴዛው ላይ ዱቄቱን በጣቴ ነክቼ የቀመስኩትና እርስዎም እናታችን ጓጉተው ነው ብለው እንግዶችዎን ያሳቁብኝ ሴት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ያን ያህል አቅም የለኝም፤ በዚያ በኩል ጽሕፈት ቤትዎ ራሱን ችሏል። የምጽፈው በመጪው ሐሙስ በቢታ ገነት አዳራሽ ስብሰባ ስለሚደረግ ነው። ፋብሪካው ፍሳሹን ወደ ጅረታችን ለተጨማሪ አሥር ዓመት እንዲለቅቅ ይፈቀድለት ወይስ አይፈቀድለት የሚለው በዚያ ይወሰናል። ለፍቃዱ ሁለት ማስረጃ እንደሚቀርብ በማስታወቂያው ላይ አንብቤአለሁ፤ አንዱ የፕሮጀክትዎ ስኬት፣ ሁለተኛው ኅብረተሰቡ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተስማማበት ቃለ ጉባኤ ነው። ስለ ሁለቱም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ዝም ማለቱ ነውር ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስላደሉን በራሪ ጽሑፍ ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ያብረቀርቃል፤ ዝናብ እንኳ አያበሰብሰውም፤ በመንደራችን የቅቤ ዕቃ መክደኛ ያደረጉት አሉ። እኔ ግን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ከቆላው እርሻ በቦቴ የሚመጣው የጎማ ወተት በገንዳ ውስጥ አሲድ ተጨምሮበት ሲረጋ፣ እርጎውም ተዳምጦ ጎማ ሲሆን፣ የሚተርፈው ውሃ ለማዳበሪያና ለከብት መኖ የሚሆን ፕሮቲን እንዳለው፣ ከዚያም በላይ መድኃኒት ቀማሚዎች የሚፈልጉት ኩዌብራቺቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር እንዳለው ከዚያ ተማርኩ። ስሙን ለማጥናት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። እርስዎ በመድረኩ ላይ ሦስት ጊዜ ሲጠሩት ሦስቱም አንድ ዓይነት ስላልነበሩ፣ ገና ሁለተኛውን ቀን እንዳልጨረሱ ተረድቼ አዝኜልዎታለሁ።

በሳይንሱ የምቀልድ እንዳይመስልዎ። በዚህ ነገር ከእርስዎ ይልቅ የማምን እኔ ነኝ። ተጨምቆ የወጣ ውሃ ሀብት አለው ብሎ ለካፋ ሴት በስብሰባ ማስተማር ለንብ አበባ እንደማሳየት ነው። እንሰት ፍቀን ስንጨምቅ የሚወርደውን ውሃ የሚደፋ ሰው በመንደራችን አልተወለደም። በዕቃ ይቀመጣል፤ ማንም አይነካውም፤ ልጆች በአጠገቡ እንዳይሮጡ ይከለከላሉ። ነጩ ነገር ከሥር ሲተኛ ከላይ ያለው ውሃ ቀስ ተብሎ ይፈሳል፤ ከሥር የተኛው ቡላ ነው፤ ለአራስም ለክብር እንግዳም የሚቀርበው እርሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አለመነካካትና መጠበቅ። በሁለቱም ጽሕፈት ቤትዎን የሚስተካከል የለም፤ ማሽኑንም አልነካችሁትም፣ እኛም ስንጠብቅ ኖረናል።

ሁለተኛ፣ በፋብሪካው አጥር ሥር ስላስቆፈሯቸው ሦስት የማዝቀጫ ገንዳዎች ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሲመረቁ ሪባን ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ መቀሱ አዲስ ነበር። ዛሬ በመጀመሪያው ገንዳ እንቁራሪት ይጮህበታል። በሁለተኛው ዘበኛው ጎመን ዘርቶበታል፤ ጎመኑ ያምራል፤ ከፕሮጀክቱ እስከ ዛሬ በዓይኔ ያየሁት ብቸኛ ምርትም እርሱ ነው። በሦስተኛው የዝናብ ውሃ ተጠራቅሞ እንግዳ ሲመጣ መኪና ይታጠብበታል። ፍሳሹን የሚያወጣው ቱቦ ግን እንደ ኩሩ ሰው ሦስቱንም ሳያይ በአጠገባቸው አልፎ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። በቱቦውና በመጀመሪያው ገንዳ መካከል ያለውን ርቀት በክንዴ ለክቼዋለሁ፤ ሁለት ክንድ ከስንዝር ነው። ሁለት ክንድ ከስንዝር ለመሻገር ስንት የልምድ ልውውጥ ጉዞ እንደሚያስፈልግ እርስዎ ያውቃሉ።

ሦስተኛ፣ ወደ ዱቄቱ እመጣለሁ።

ከዐውደ ርዕዩ ሦስት ቀን በፊት ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ አንድ ወጣት ገበያ ውስጥ ከምቀመጥበት መጥቶ ሁለት ኪሎ ቡላ ገዛ። ነጩንና ደረቁን አለኝ፤ ሰጠሁት። ዋጋ አልተከራከረም፤ በዚህ ተጠራጠርኩ፤ በቦንጋ ገበያ ዋጋ የማይከራከር ሰው ወይ ለቅሶ አለበት ወይ የመንግሥት ደረሰኝ ይዟል። ከዚያ ይበልጥ ሊደቅ ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ለአራስ መስሎኝ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት ብዬ፣ እዚያው በሻሼ ነፍቼ እንደ ፓውደር አድርጌ ሰጠሁት።

በዐውደ ርዕዩ ቀን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብልቃጥ ቆመው ነበር። በመጀመሪያው የጅረታችን ዓይነት ጥቁር ውሃ፣ በሁለተኛው ጠራ ያለ ውሃ፣ በሦስተኛው ነጭ ዱቄት። በሦስተኛው ሥር ከፍሳሽ የተመለሰ ፕሮቲን የሚል ተጽፏል። እኔ ቡላዬን የማደርቀው ከምድጃዬ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ስለሆነ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጎረቤቶቼ በዚህ ይተቹኛል። ክዳኑ ሲከፈት የሸተተኝ የራሴ ቤት ነው። እንዳልሳሳት በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ ይህ ነገር ይበላል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ክቡርነትዎ ጉሮሮዎን ጠርገው የመለሱትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ለከብት ያለ ጥርጥር ይሆናል፤ ለሰው ምግብነት ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል» ነበር ያሉት። አርባ ዓመት ባልና አራት ልጅ ያበላሁበት ምግብ ጥናት እንደሚቀረው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ወጣቱ ከአዳራሹ ውጭ ደርሶብኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «እትዬ፣ ማሽኑ አልተከፈተም፤ እንግዶቹ መጡብን፤ ለዛሬ ብቻ ይለፉኝ» አለኝ። ስሙን አልጽፍም። ገበያ የሚላክ ሰው የታዘዘውን ይገዛል። አለፍኩት፤ ወደ ቤቴም ሄድኩ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተነሥቼ ይህ ቡላ ነው ማለት ስችል አላልኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ ለመረዳት አራተኛውን ቁጥር ማንበብ ያስፈልግዎታል።

አራተኛ። እስከዚህ ድረስ በክቡርነትዎ ስዘብት ቆየሁ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው።

ስምምነት ነው የሚባለው ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ተጽፎ ወደ መንደራችን የመጣው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ከመንደሩ ሰው አብዛኛው አማርኛን ለገበያ ያህል ነው የሚሰማው፤ ማንበብ የሚችል አዋቂ ደግሞ ያን ጊዜ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ እኔ በአማርኛ እያነበብኩ በቋንቋችን በካፊኖኖ እንድነግራቸው ተወሰነ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን የዚያን ጊዜው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ወረቀቱን አሳየኝ። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ ይህችኛዋ ለሕግ ሰዎች ተብላ የገባች ናት፤ ሰው ታስደነግጣለች፤ ብታልፊያት ይሻላል አለኝ። ቀጥሎም ባሌን ጣሰውን የፈረቃ ፎርማን ሊያደርገው እንዳሰበ እንደ ዋዛ ነገረኝ።

ጣሰው ያን ጊዜ ገና በሙከራ ላይ በነበረው ፋብሪካ ገንዳው ላይ አሲድ የሚጨምር ሠራተኛ ነበር። እጁ ተሰነጣጥቆ እራት ላይ ሲቀርብ ጉርሻ መጠቅለል አቅቶት እኔ ነበርኩ የማጎርሰው። ፎርማን አሲድ አይነካም። ያን ሌሊት ያሰብኩት እጁን ብቻ ነው። በማግሥቱ ወረቀቱን አነበብኩ፤ ያቺን መስመር አለፍኳት። አርባ ሦስት ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ። ጣሰው ፎርማን ሆነ፤ እጁም ዳነ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ ሕመም እስኪሞት ድረስ ግን በምን እንደዳነ አልነገርኩትም።

ከፈራሚዎቹ የመጀመሪያው ጋሽ ባፈና ናቸው። ቀፎዎቻቸው በጅረቱ ዳር በረጃጅም ዛፎች ላይ ነበሩ፤ ንቦቹም ከጅረቱ ይጠጡ ነበር። ፍሳሹ ወደ ጅረቱ መለቀቅ በጀመረ በሁለተኛው ክረምት ንቦቹ ቀፎአቸውን ጥለው ሄዱ፤ ከብቱም ከዚያ ውሃ አልጠጣም አለ። ዛሬ የመንደራችን ሴቶች የሚቀዱት አቀበቱን ወጥተው ከሩቅ ምንጭ ነው። ጋሽ ባፈና ቀፎዎቻቸውን ወደ ጋራው አወጡ፤ በዚያ ዕድሜ ወደ ጋራ መውጣት ለሰው ቀላል ነገር አይደለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት የወረቀቱን ቅጂ ይዘው እቤቴ መጡ። አቤቱታ ሊያስገቡ ፈልገው ነበር፤ ጅረቱን የሚጠቅም ቃል ካለበት ፈልጊልኝ አሉኝ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ ለሁለተኛ ጊዜ ዘለልኳት። ጣሰው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ፎርማን የማስደርገው ባል አልነበረኝም፤ ያለፍኳት ለመጀመሪያ ጊዜ ማለፌ እንዳይታወቅ ብቻ ነው። አመሰገኑኝ፤ በሦስተኛው ቀንም ከጋራው የቆረጡትን ማር በቅጠል ጠቅልለው ላኩልኝ። ያን ማር ልበላው አልቻልኩም፤ ልጥለውም አልቻልኩም። እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

ክቡር አቶ ኢሳይያስ፣ በዐውደ ርዕዩ ላይ የማኅበረሰብ ተወካይ አድርገው የጠሩኝ ስሜን ከዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ አንባቢ ከሚለው ሥር አግኝተው መሆኑን ጸሐፊዎ ነግራኛለች። በዚህም አመሰግንዎታለሁ። የእርስዎ ብልቃጥና የእኔ ወረቀት ያን ቀን በሐሳቤ ጎን ለጎን ባይቆሙ ኖሮ አንድ መሆናቸው አይገባኝም ነበር። እርስዎ የሌለውን አስገቡ፤ እኔ ያለውን አስቀረሁ። ሁለታችንም የጨመቅነው የመንደሩን ሰው ነው።

ባለፈው ሰኞ ወደ ጋሽ ባፈና ቤት ሄጄ ወረቀቱን እንዲያወጡ ለመንኳቸው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የዘለልኳት መስመር ይህች ናት፤ «ከፋብሪካው የሚወጣው ፍሳሽ ማጣሪያ እስኪሠራ ድረስ ወደ ጅረቱ ይለቀቃል፤ ኅብረተሰቡም ይህን አውቆ ተስማምቷል።» በካፊኖኖም ነገርኳቸው። ቀጥለው መስመሯን በጣቴ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው፤ እርሳቸውም አውራ ጣታቸውን አንሥተው እዚያችው ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ ሳይቆጡም፣ «እንግዲህ ሐሙስም አንቺው አንብቢልን» አሉኝ።

ይቅር አሉኝ ወይስ ፈረዱብኝ እስከ አሁን አላወቅኩም። ብቻ እሺ ብዬ ወጣሁ።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ልመናዬ ነው። ለሐሙሱ ስብሰባ አንባቢ እንዳያስመጡ አደራ እላለሁ፤ አበል ይቆጥቡ። ወረቀቱን እኔ አነባለሁ፤ በዚህ ጊዜ ምንም መስመር አላልፍም። አንብቤ ስጨርስ፣ ያ አውቆ ተስማምቷል የተባለው ሕዝብ አለማወቁን፣ እንዳያውቅ ያደረግሁትም እኔ መሆኔን በራሴ አፍ በሁለቱም ቋንቋ እናገራለሁ። ይህ ደብዳቤ የወጣው ለራሴ ማፈግፈጊያ እንዳይኖረኝ ጭምር ነው። ካነበበው ሰው መካከል በቢታ ገነት መንገድ ላይ ፊቱን የሚያዞርብኝ ይኖራል፤ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል እንጂ ይገባኛል። ከዚህ በኋላ ፋብሪካው ጅረቱን የሚፈልግ ከሆነ ሕዝቡን እንደገና፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ሙሉውን አንብቦ ይጠይቀው። ወይም ደግሞ ቱቦውን ሁለት ክንድ ከስንዝር ወደ ቀኝ ያዙረው፤ የዘበኛውን ጎመን ለመንቀል የመንደሩ ሴቶች በነፃ እንተባበራለን፤ አስተኝቶ መለየቱንም ባለሙያ ሲጠፋ እኛን ቢጠሩን አናሳፍርዎትም።

በውሃችን ላይ ላደረጉት ያላሰለሰ ምክክር፣ በስማችን ላነሡት ፎቶግራፍ፣ በእኛም ቡላ ላስመዘገቡት ስኬት በራሴና ጋራ ላይ በተሰደዱት ንቦች ስም ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሐሙስ መንገድዎ ጭቃ የሌለበት፣ የሚቀመጡበትም ወንበር ጅረቱን የሚያሳይ መስኮት ያለበት እንዲሆን እመኛለሁ።

ሁለት ጊዜ አሳጥራ ያነበበችው አገልጋይዎ
ላቀች አባተ
ከፋብሪካው በታች

ማስታወሻ፤ ለሰው ምግብነት ስለሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥናት ሐሳብ እንዳይገባዎ፤ ሐሙስ ከመጨረሻዋ መስመር በኋላ እንጨርሰዋለን። ከዚያው ሁለት ኪሎ ከሸጥኩልዎ ቡላ የተረፈውን ገንፎ አገንፍቼ፣ ከቱቦው አፍ የቀዳሁትንም ውሃ በብርጭቆ ይዤ እመጣለሁ። ከፍሳሹ የተገኘው የትኛው እንደሆነ ለሕዝቡ በጣትዎ ያሳዩንና እርሱን ይቅመሱልን። ባለፈው የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ተራው የእርስዎ ነው።